ጎማው ስንት ኩንታል ይችላል?

ከሶማሌ ተራ ብዙም በማይርቅ አንድ ጎማ ቤት ደጃፍ ላይ አንዲት ነጭ ሲንግል ጋቢና ሃይሉክስ የኋላ ጎኗ በክሪክ ተነሥቶ ቆማለች። የወለቀው ጎማ አስፋልቱ ላይ ተጋድሟል፤ ጥርሱ አልቆ ሊሾ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ባለቤቷ ከበቾ ጤፍና ሽምብራ የሚያመላልሱ፣ ወደ ስድሳ ዓመት የሚጠጉ ሰው ናቸው። አብሯቸው የመጣው ልጃቸው ግን ዓይኑ መደርደሪያው ላይ ነው፤ ደረቱ ሰፊ፣ ጥርሱ ጉልህ የሆነ አዲስ ጎማ ላይ።

«አባዬ፣ ይሄ ይግባላት። ቁመናዋ ራሱ ይለወጣል።»

ጎሚስታው እጁን በጨርቅ እየጠረገ ወደ አባትየው ዞረ። «ጋሼ፣ አብዛኛውን ጊዜ ስንት ኩንታል ይጭኑባታል?»

«እንደ ገበያው ነው ልጄ። አስርም ይሆናል፣ አስራ አምስትም።»

«እንግዲያው ሰፊውን አልገጥምልዎትም።»

«ምነው? ሁለቱም አስራ ስድስት አይደሉ እንዴ?» ይሄን የጠየቀው ልጁ ነው።

እውነቱን ነው፤ የወለቀው 205 አር 16 ሲ ይላል፣ መደርደሪያው ላይ ያለው ደግሞ 265/70 አር 16። ጎሚስታው መልስ ከመስጠቱ በፊት ሜትሩን አወጣ። ባዶውን ቸርኬ አጋድሞ ጎማው በሚቀመጥባቸው ሁለት ከንፈሮች መካከል ያለውን ስፋት ለካ። ስድስት ኢንች። «ያኛው ጎማ ቢያንስ የሰባት ኢንች ቸርኬ ይፈልጋል» አለና ሜትሩን አጠፈ።

እንዲህ ያለው ክርክር በየጎማ ቤቱ ይሰማል። ሰው ጎማ ሊገዛ ሲሄድ የሚያስታውሰው አንድ ቁጥር ነው፤ «አስራ አምስት ነው»፣ «አስራ ሰባት ነው» ይላል። ያ ቁጥር የሚናገረው ጎማው የሚገባበት ቸርኬ ከዳር እስከ ዳር ስንት ኢንች እንደሆነ ብቻ ነው። በዚያው ቸርኬ ዙሪያ ጠባብም ሰፊም፣ አጭርም ረዥምም ጎማ ሊሠራ ይችላል፤ አምስት ኩንታል የሚችልም አስራ አራት ኩንታል የሚችልም ይኖራል። ስለዚህ የፒክ አፕ ጎማ ልክ ሲመረጥ መቅደም ያለበት የጎሚስታው ጥያቄ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ስንት ይጫንበታል? ስለ መልክ፣ ስለ ከፍታና ስለ ጭቃ የሚነሣው ሁሉ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

የጎማውን ጎን ቀርበን እናንብበው። በቅርብ ዘመን ደብል ጋቢና ሃይሉክሶች ላይ በብዛት የሚታየው ልክ 265/65 አር 17 ነው፤ ከአጠገቡ 112 ኤስ የሚል ይከተላል። 265 ንፋስ የተሞላው ጎማ ከጎን እስከ ጎን ያለው ስፋት ነው፣ በሚሊ ሜትር። መሬት የሚነካው ደረቱ ከዚህ ትንሽ ይጠባል። 65 ደግሞ የጎኑ ቁመት የስፋቱ 65 በመቶ ነው ማለት ነው፤ ሲሰላ 172 ሚሊ ሜትር ይመጣል። አር ራዲያል መሆኑን ይገልጻል፤ በአካሉ ውስጥ ያሉት ክሮች ከአንዱ ከንፈር ወደ ሌላው ቀጥ ብለው የተዘረጉበት፣ ሚሽለን እ.ኤ.አ. በ1946 የፈጠራ መብት ያስመዘገበበት አሠራር ነው። 17 የቸርኬው ኢንች ነው። ሚሊ ሜትር፣ በመቶኛና ኢንች በአንድ መስመር ላይ ተደባልቀው መጻፋቸው ገዢውን ቢያደናግር አይፈረድበትም።

112 እና ኤስ ግን ብዙ ሰው የማያያቸው፣ እኔ ከሁሉ አስቀድሜ የማያቸው ናቸው። 112 የጭነት መለያ ነው፤ በዓለም አቀፉ ሰንጠረዥ 1,120 ኪሎ ግራም ማለት ነው፣ ለአንድ ጎማ። ኤስ ያንን ጭነት ተሸክሞ እስከ ስንት መሮጥ እንደሚችል ይናገራል፤ በሰዓት 180 ኪሎ ሜትር። የበቾው ሰው ሃይሉክስ ላይ የነበረው 205 አር 16 ሲ በመካከሉ በመቶኛ የለውም። ይህ የቆየ አጻጻፍ ነው፤ የጎኑ ቁመት የስፋቱ 80 በመቶ ወይም ከዚያ ትንሽ ከፍ ያለ እንደሆነ በልማድ ይታወቃል። ሲ የሚለው ፊደል ለጭነት መኪና የተሠራ፣ አካሉ የጠነከረ መሆኑን ያመለክታል። የጭነት መለያው 110/108 ተብሎ ተጽፏል። ሁለት ቁጥር ሲታይ የመጀመሪያው ለነጠላ ጎማ ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ጎማዎች ተደርበው በሚታሠሩበት መኪና ላይ እያንዳንዱ የሚችለውን ይገልጻል። ፒክ አፓችን ነጠላ ጎማ ነውና 110ን ይዘን እንሄዳለን፤ 1,060 ኪሎ።

እንግዲህ የልጁን ሰፊ ጎማ ከዚህ ጋር እናስተያየው። የጭነት መለያው 112 ነው። የሚጨምረው 60 ኪሎ ብቻ ነው፤ እሱንም የሚችለው በልኩ ቸርኬ ላይ ሲቀመጥ ነው። ለ265/70 አር 16 የተፈቀደው የቸርኬ ስፋት ከ7 እስከ 9 ኢንች ነው። በ6 ኢንች ቸርኬ ላይ ሲገባ አፉ እንደታነቀ ኩንታል ጎኑ ወደ ውጭ ያብጣል፣ ደረቱ መካከሉ ላይ ይጎብጣል። ያኔ መሬት የሚነካው የደረቱ መካከል ብቻ ይሆንና ቶሎ ያልቃል፤ መኪናዋም ኩርባ ላይ መሪውን ሳትታዘዝ ትዘገያለች። ገንዘብ ተከፍሎ የተገዛው ስፋት መሬት ላይ አይደርስም ማለት ነው።

ከቸርኬው ቀጥሎ የሚታየው የጎማው ጠቅላላ ቁመት ነው። 265/65 አር 17ን ብናሰላ፣ ቸርኬው 431.8 ሚሊ ሜትር፣ ከላይና ከታች ያለው ጎን በድምሩ 344.5፣ ጠቅላላው 776 ሚሊ ሜትር ይሆናል። 265/60 አር 18ን ብናሰላ 775 እናገኛለን። ልጁ የወደደው 265/70 አር 16 ደግሞ 777 ነው። ቸርኬው በአንድ ኢንች ሲያድግ የጎኑ የመቶኛ ቁጥር በአምስት እየተቀነሰ የጎማው ቁመት በአንድ ሚሊ ሜትር ልዩነት ተጠብቆ ይቆያል። ማርሹ፣ ዲፈረንሻሉ፣ ፍሬኑና የፍጥነት መለኪያው ሁሉ የተሰላው በዚያ ቁመት ስለሆነ ፋብሪካዎች ይህን በጥንቃቄ ይጠብቁታል።

ያ ቁመት ሲቀየር ምን ይሆናል? ብዙ ወጣቶች ለደብል ጋቢናቸው የሚመኙት አንዱ ልክ 285/70 አር 17 ነው። ቁመቱ 831 ሚሊ ሜትር ይደርሳል፤ ከፋብሪካው በ7 በመቶ ይበልጣል። የፍጥነት መለኪያው 100 ሲያሳይ መኪናው የሚሮጠው 107 ነው። የሄደበት ኪሎ ሜትርም በዚያው ልክ አንሶ ይቆጠራል፤ በ5,000 ዘይት እቀይራለሁ ያለ ሰው የሚቀይረው በ5,350 ነው። መሬቱን የሚያርቀው ግን የቁመቱ ልዩነት ግማሽ ብቻ ነው፤ 27 ሚሊ ሜትር፣ ሦስት ጣት እንኳ የማይሞላ። ለእሱ ሲባል መሪው ዳር ድረስ ሲጠመዘዝ ጎማው ፓራፋንጎውን እየፋቀ ይሄዳል።

ከፍጥነት መለኪያው ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ጉልበቱ ነው። የጎማ ቁመት በጨመረ ቁጥር ሞተሩ በጎማው በኩል መሬቱን የሚገፋበት ጉልበት ይቀንሳል፤ ሰባት በመቶ የረዘመ ጎማ ጠቅላላ ማርሹን በሰባት በመቶ ከማክበድ አይለይም። ይህ በባሕር ጠረፍ ላለ አገር ትንሽ ነገር ሊሆን ይችላል። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ ያለው አየር ከጠረፉ በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው፤ ተርቦ የሌለው ሞተር የሚያጣው ጉልበትም ወደዚያው ይጠጋል። አሁንም በየገጠሩ የሚሠሩት የቀድሞዎቹ ናፍጣ ሃይሉክሶች፣ 2,986 ሲሲ የሆነው ፋይቭ ኤል ሞተር ያላቸው፣ ተርቦ የላቸውም። የእንጦጦን ዳገት በሦስተኛ ይወጣ የነበረ መኪና ቁመታም ጎማ ሲታሠርለት ሁለተኛ ይጠይቃል፤ ከዚያም ናፍጣ በዛ ተብሎ ወደ መካኒክ ይወሰዳል።

ቁልቁለቱ ከዳገቱ ይብሳል። ከጎሐ ጽዮን ወደ አባይ በረሃ የወረደ ሾፌር ያውቀዋል፤ መንገዱ ድልድዩ ዘንድ እስኪደርስ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይጠማዘዛል። ረዥም ጎማ ፍሬኑ ላይ ያለውን ጫና ያበዛል፤ ፍሬኑ በዚያው ጉልበት ሲይዝ መሬቱ ላይ የሚደርሰው ኃይል ጎማው በረዘመበት ልክ ያንሳል። ሞተሩም በማርሽ ይዞ የማዘግየት አቅሙ በዚያው ልክ ይቀንሳል። አስር ኩንታል ጭኖ ያን ቁልቁለት ለሚወርድ ሰው ይህ የመልክ ጉዳይ አይደለም። ከፋብሪካው ቁመት ከሦስት በመቶ በላይ አትራቁ የሚለው የባለሙያዎች ምክር ለእኛ አገር መንገድ እንዲያውም ሰፊ ነው፤ ጭነት ለሚሠራ ፒክ አፕ በፋብሪካው ቁመት መጽናት ይሻላል።

ወደ ጎማ ቤቱ እንመለስ። አባትየው አንድ ነገር አነሡ። «ባሌስትራ አስጨምሬላታለሁ እኮ። ከኋላ ሁለት ሁለት ቅጠል። አሁን አስራ አምስት ኩንታል ብጭን ወገቧን አትሰብርም።»

ጎሚስታው አንገቱን ነቀነቀ። «ባሌስትራው አይሰበር ይሆናል ጋሼ። ጎማው ግን ባሌስትራ መጨመሩን አያውቅም።»

ይህ የብዙ ባለፒክ አፕ ስህተት ነው፤ ሕይወት የሚያስከፍለውም እሱ ነው። ቅጠል ሲጨመር የመኪናው ኋላ አይወድቅም፤ ባለቤቱም መኪናው ቻለ ብሎ ያስባል። የጎማው ችሎታ ግን ጎኑ ላይ እንደተጻፈ ነው። ለምሳሌ አንዲት ሲንግል ጋቢና ባዶዋን ስትሆን በኋላ አክስሏ ላይ 700 ኪሎ ያርፋል እንበል። የጭነት ሳጥኑ በአክስሉ ላይ ስላለ ከሚጫነው አብዛኛው፣ ዘጠኝ እጅ ያህሉ፣ ወደ ኋላ ይሄዳል። አስር ኩንታል ሲጫን የኋላው 1,600 ይሆናል፤ ለእያንዳንዱ ጎማ 800 ይደርሰዋል። 1,060 የሚችለው ጎማ ይህን በደህና ይይዛል። አስራ አምስት ሲጫን ለአንድ ጎማ 1,025 ይሆናል፤ ጎማው ጫፍ ላይ ቆሟል፣ ያውም ንፋሱ ለዚያ ጭነት በታዘዘው ልክ ሙሉ ከሆነ። አስራ ስምንት ሲጫን 1,160 ነው። በዚህ ጊዜ ጎድጓዳ መንገድም ፍጥነትም ሳይጨመር ጎማው ከልኩ አልፏል። የበቾው ሰው ይህን ስሌት በኩንታል ሲሰሙት ወዲያው ገባቸው። የሃይሉክስ የመጫን አቅም ራሱ ወደ አንድ ቶን፣ ማለትም አስር ኩንታል አካባቢ የሆነው በከንቱ አይደለም፤ ጎማው፣ አክስሉ፣ ኩሽኔታውና ፍሬኑ አንድ ላይ የተሰሉ ናቸው።

በዚህ ላይ አንድ ልብ ሊባል የሚገባው ልዩነት አለ። 265/65 አር 17 ተብሎ የተጻፈበት ጎማ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። አንዳንዱ ለቤት መኪና በሚሠራው አሠራር የተሠራ ነው፤ አንዳንዱ ደግሞ ኤልቲ ወይም ሲ የሚል ምልክት ያለበት፣ ለጭነት የተሠራ ነው። በአሜሪካ ደንብ የቤት መኪና ጎማ ፒክ አፕ ላይ ሲገጠም የሚችለው ክብደት በ1.1 ተካፍሎ ይቀነሳል፤ 1,120 የተባለው 1,018 ሆኖ ይቆጠራል። ፒክ አፕ ከቤት መኪና ይልቅ የስበት ማዕከሉ ከፍ ያለ፣ ሥራውም የከፋ በመሆኑ ነው። ይህ ደንብ እኛ ጋ ባይሠራበትም ቁጥሩን የሚያነብ ሰው በልቡ ሊይዘው ይገባል። የኤልቲ ጎማ ደግሞ ያንን ጭነት ለመሸከም ከቤት መኪናው የበለጠ ንፋስ ይፈልጋል። አዲስ ኤልቲ ገዝቶ በቀድሞው የንፋስ መጠን የሚነዳ ሰው የጎማውን ጥንካሬ ሳያገኝ ይቀራል።

ጎማ፣ ጭነትና ንፋስ አልገናኝ ሲሉ ምን እንደሚደርስ ዓለም ያየው እ.ኤ.አ. በ2000 ነው። በኦገስት ወር ፋየርስቶን 6.5 ሚሊዮን ያህል ጎማዎቹን ከገበያና ከመኪና ላይ ሰበሰበ። አብዛኞቹ ባለ 15 ኢንች፣ 235/75 አር 15 የሆኑ፣ ፎርድ ኤክስፕሎረር በተባለው መኪናና ሬንጀር በተባለው ፒክ አፕ ላይ የሚገጠሙ ነበሩ። በሞቃት ቀን፣ በፍጥነት፣ ጭነት ይዘው ሲሄዱ ደረታቸው ከአካላቸው እየተላቀቀ መኪናው ይገለበጥ ነበር፤ ከ200 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ፎርድ ለዚያ መኪና ያዘዘው ንፋስ 26 ፒ.ኤስ.አይ ነበር፤ ፋየርስቶን 30 ይሁን አለ። ሁለቱ ኩባንያዎች ጥፋቱን አንዱ በሌላው ላይ እየጫኑ ለረዥም ጊዜ ሲከራከሩ ቆዩ። የአሜሪካ ምክር ቤት በዚያው ዓመት አዲስ ሕግ አወጣ፤ ዛሬ አዳዲስ መኪኖች ዳሽቦርድ ላይ ንፋስ ሲያንስ የምትበራው ቢጫ መብራት ግዴታ የሆነችው ያ ሕግ ባመጣው ደንብ ነው።

ጎማን የሚገድለው ሙቀት ነው። ጎማው በዞረ ቁጥር መሬቱን ሲነካ ጎኑ ይታጠፋል፣ ሲለቅ ይቃናል፤ 776 ሚሊ ሜትር ቁመት ያለው ጎማ በአንድ ኪሎ ሜትር ውስጥ ይህን 410 ጊዜ ያህል ያደርጋል። ጭነቱ ሲበዛ ወይም ንፋሱ ሲያንስ መታጠፉ ይጠልቃል፤ እያንዳንዱ መታጠፍ የሚተወው ሙቀት ከሚወጣው ይበልጥና ላስቲኩን ከሽቦው ማላቀቅ ይጀምራል። ከውጭ ምንም አይታይም።

ለዚህ ነው አንድ የቆየ የሾፌሮች ልማድ በጣም የሚያስፈራኝ። ወደ አፋር የሚወርዱ ሾፌሮች አዋሽን ሲያልፉ «በረሃ ነው፣ ይፈነዳል» ብለው ንፋስ ይቀንሳሉ። ነገሩ በተቃራኒው ነው። አዲስ አበባ ላይ በ15 ዲግሪ ብርድ ማለዳ 35 ፒ.ኤስ.አይ የተሞላ ጎማ ሰመራ ደርሶ በ40 ዲግሪ ጥላ ሥር ቆሞ ቢለካ ወደ 36 ብቻ ያሳያል። ሙቀቱ ንፋሱን ከፍ ያደርገዋል፤ ቆላው ላይ ያለው ከባድ አየር ደግሞ ከውጭ ይገፋውና መልሶ ዝቅ ያደርገዋል፤ ሁለቱ ሊካካሱ ምንም አይቀራቸውም። ሾፌሩ ጎማው በሩጫ ግሎ ሳለ ለክቶ 41 ወይም 42 ሲያገኝ ይደነግጣል፤ ጎማው ግን ይህን ታስቦ የተሠራ ነው። ያንን ትርፍ አስተንፍሶ ወደ 35 ያወረደ ሰው፣ ጎማው ሲበርድ ወደ 30 የወረደ፣ በጭነት ሥር በጥልቅ የሚታጠፍ፣ ከበፊቱ ይበልጥ የሚግል ጎማ ይዞ ጉዞውን ይቀጥላል። ንፋስ የሚለካው ጠዋት፣ መኪናው ሳይነሣ፣ ጎማው ቀዝቃዛ ሳለ ነው። ጭነት ሲጨመር ደግሞ የኋላዎቹ ንፋስ በመኪናው መመሪያ መሠረት ይጨመራል።

ንፋስ የሚቀነስበት ቦታ የለም ማለት ግን አይደለም። አሸዋ ላይ ያስፈልጋል። ከ35 ወደ 18 ወይም 20 ሲወርድ ጎማው ከመስፋት ይልቅ ይረዝማል፤ መሬት የሚነካው እግሩ በርዝመት ይዘረጋና አሸዋው ውስጥ አይሰምጥም። በዚያ ንፋስ የሚነዳው በዝግታ ነው፤ ከአሸዋው ሲወጣም እዚያው መልሶ ይሞላል። ለዚህ የሚያስፈልገው ከወንበር ሥር የምትቀመጥ ትንሽ ኮምፕሬሰር ናት። ሰፊ ጎማ ገዝቶ ዓመቱን ሙሉ አስፋልት ላይ ከመሸከም ይህ ይረክሳል።

ጭቃውም እንደዚሁ። የበቾ፣ የቢቸና፣ የአዳ መረሬ አፈር በክረምት ምን እንደሆነ ለኖረበት አይነገርም። ጥቁሩ ጭቃ የጎማውን ጥርስ ሞልቶ ጎማውን ሊሾ ያደርገዋል። እዚያ የሚረዳው የጥርሱ ዓይነትና ጭቃውን እየተፋ የሚሄድበት ክፍተት ነው፤ ስፋት ብዙም አይረዳም። ጠባብ ጎማ የላይኛውን ለስላሳ ጭቃ ቆርጦ ሥር ያለውን ጠንካራ መሬት ይፈልጋል። በየወረዳው የሚያገለግሉት ላንድክሩዘር ፒክ አፖች ለብዙ ዘመን 7.50 አር 16 የሚባለውን፣ የውስጥ ላስቲክ ያለውን ረዥምና ጠባብ ጎማ ይዘው ሊማሊሞን ሲወጡና ሲወርዱ የኖሩት ያለ ምክንያት አይደለም። 7.50ም ስፋቱ ነው፣ በኢንች።

ስለ መልክ አንድ ነገር ልበል። በከተማችን ባለ 20 ኢንች ቸርኬ የገጠሙ ደብል ጋቢናዎች እየበዙ ነው። 265/50 አር 20 ሲገጠም ቁመቱ 773 ስለሚሆን መለኪያውም ማርሹም አይዛቡም፤ ስሌቱ ትክክል ነው። የጎኑ ቁመት ግን ከ172 ወደ 132 ሚሊ ሜትር ወርዷል። የኮብልስቶን ጠርዝና ክዳኑ የተሰረቀ ማንሆል በሞላበት ከተማ ያ የጠፋው አራት ሳንቲ ሜትር ላስቲክ ቸርኬውን ከድንጋይ የሚጠብቀው ነበር። መንገዱ ለከፋበት ሰው የሚመከረው በተቃራኒው ነው፤ ፍሬኑ የሚፈቅድ ከሆነ ቸርኬውን በአንድ ኢንች ቀንሶ የጎማውን ጎን ማሳደግ።

ታዲያ ትክክለኛው ልክ የት ይገኛል? በሾፌሩ በር በኩል፣ በሩ ሲከፈት በሚታየው ምሰሶ ላይ ፋብሪካው የለጠፈው ወረቀት አለ፤ የጎማው ልክና የንፋሱ መጠን፣ ለባዶና ለጭነት፣ እዚያ ተጽፏል። ችግሩ እኛ ጋ ከገቡት መኪኖች ብዙዎቹ ከባሕረ ሰላጤው ወይም ከሌላ አገር ያገለገሉ ሆነው የመጡ መሆናቸው ነው። ወረቀቱ ቀለም ተቀብቶበታል፣ ወይም ተልጧል፣ ወይም ቸርኬው ራሱ ከሌላ መኪና የመጣ ነው። ስለዚህ መኪናው ላይ ያገኘኸው ጎማ የመኪናው ልክ ነው ብለህ አትመን። ወረቀቱ ከሌለ የመኪናውን ሞዴልና ዓመት ከሊብሬው ይዞ፣ ከመመሪያ መጽሐፉ ወይም ከወኪሉ መጠየቅ ነው። ከዚያ ቸርኬውን ማስለካት፤ ኢንቹን ብቻ ሳይሆን ስፋቱንም። የሚገዛው ጎማ የጭነት መለያም ከፋብሪካው ማነስ የለበትም፤ ቢበልጥ ጉዳት የለውም።

ጎማ ቤቱ ውስጥ ጎሚስታው ሁለት 205 አር 16 ሲ ጎማዎች አውርዶ ጎናቸውን በባትሪ ብርሃን እያበራ ነው። ዶት ከሚሉት ፊደላት ቀጥሎ ከሚመጣው ረዥም ቁጥር መጨረሻ አራት አኃዝ ይፈልጋል። አንደኛው 2319 ይላል፤ እ.ኤ.አ. በ2019፣ በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ሁለተኛው 0824። «ዋጋቸው አንድ ነው፣ ዕድሜያቸው ግን አንድ አይደለም» አለና የመጀመሪያውን መልሶ ሰቀለው። ላስቲክ መደርደሪያ ላይም ሆኖ ያረጃል፤ ደጅ ፀሐይ ላይ ከዋለ ይበልጥ። ጥርሱ ያላለቀ ነገር ግን ጎኑ ደቃቅ ስንጥቅ ያወጣ ጎማ ለጭነት አይሆንም። ጥርሱም ቢሆን በመስመሮቹ መካከል ካለችው ትንሽ ጉብታ ጋር ሲስተካከል፣ ማለትም 1.6 ሚሊ ሜትር ሲቀር፣ ሥራውን ጨርሷል።

አባትየው ሁለቱን የኋላ ብቻ ለመቀየር ነበር የመጡት። ጎሚስታው የፊቶቹን ዞሮ አየ። መኪናዋ ባለ ፎርባይፎር ናት፤ ማርሹ በእጅ የሚገባ። እንዲህ ያለ መኪና ፊትና ኋላው በቁመት ከተለያዩ፣ ፎርባይፎሩ በደረቅ መንገድ ላይ ሲገባ የፊትና የኋላው አክስል በተለያየ ፍጥነት ሊዞሩ እየታገሉ ማርሹን ይጨቁኑታል። የአዲስና የሊሾ ጎማ ልዩነት ትንሽ ሊመስል ይችላል፤ በተለያየ ልክ ሲሆን ግን ኪሳራው ዲፈረንሻል ድረስ ይሄዳል። የፊቶቹ ያው 205 አር 16 ሲ፣ ጥርሳቸውም ገና ከግማሽ በላይ ስለሆነ አለፉ።

የቀረው ከጭነት ሳጥኑ ሥር በሰንሰለት የተንጠለጠለው ትርፍ ጎማ ነበር። ጎሚስታው መሬት ላይ ተኝቶ በባትሪ አበራበት። 195 አር 15 ሲ ይላል፤ ቸርኬውም ባለ 15፣ ከሌላ መኪና የመጣ። «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ከአራቱም ያጥራል። ጭነት ይዘው ከኋላ ቢያስሩት መኪናዋ ወደ አንድ ጎን ትጋደላለች፤ ያን ጎን የሚሸከመውም ደካማው ይሆናል» አላቸው። ከሁለቱ አሮጌዎች የተሻለውን መርጦ፣ ጥርሱን ለክቶ፣ ለትርፍነት ይበቃል ብሎ ባለ 16 ቸርኬ ላይ አሰረላቸው። ንፋሱን እንደ ኋላዎቹ ለሙሉ ጭነት ሞላውና ብሎኖቹን ከመቶ ኪሎ ሜትር በኋላ እንደገና እንዲያስጠብቁ ነግሯቸው ክሪኩን አወረደ።